ማርኮስ ቫምቫካሪስ፦ ቡዙኪ፣ ሳንሱርና ሬቤቲኮ

የግሪክ የከተማ ድሆች ሙዚቃ የሆነው የሬቤቲኮ ዘፋኝና የቡዙኪ ተጫዋች ማርኮስ ቫምቫካሪስ በ1905 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤጂያን ባሕር በምትገኘው በሲሮስ ደሴት፣ በአኖ ሲሮስ፣ ከድሃ የካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ከቆዳ የተሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ሲጫወት ልጁ በከበሮ ያጅበው ነበር። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋረጠ፤ በ12 ዓመቱ ገደማ ደግሞ በመርከብ ተደብቆ ወደ አቴንስ ወደብ ወደ ፒሬየስ ሄደ። በዚያም የወደብ ሸክምና የከሰል ሥራ ሠርቶ በመጨረሻ በቄራ ቆዳ ገፋፊ ሆነ።

ግሪክ በ1922 በቱርክ ከተሸነፈች በኋላ ከትንሿ እስያ የተፈናቀሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ግሪክ ሲገቡ ፒሬየስ በስደተኛ ሰፈሮች ተከበበች። ከእነርሱም መካከል የሰምርኔስ ከተማ ሙዚቀኞች ቫዮሊንና ሳንቱር የተባለውን የክር መሣሪያ ይዘው መጡ፤ ድምፃቸውም የሠለጠነ ነበር። ረጅም አንገት ያለው የክር መሣሪያ ቡዙኪ ግን የእስር ቤትና የሃሺሽ ማጨሻ ቤት መሣሪያ ተብሎ የተናቀ ነበር። ማርኮስ በ1920ዎቹ አጋማሽ ኒኮስ አይቫሊዮቲስ የተባለ ተጫዋች ሲሰማ በስድስት ወር ካልተማረው እጁን እንደሚቆርጥ ማለ፤ በግለ ታሪኩ የተረከው ይህ ነው።

በ1932 በኒውዮርክ የተቀዳ የቡዙኪ ሸክላ ገበያ ማግኘቱ የአቴንስን ኩባንያዎች አነቃቃ፤ ማርኮስም ብዙም ሳይቆይ ወደ ስቱዲዮ ገባ። በ1934 ከዮርጎስ ባቲስ፣ ከስትራቶስ ፓዩምጺስና ከአኔስቲስ ዴልያስ ጋር ዝነኛውን የፒሬየስ አራት ሰዎች ቡድን መሠረተ። ድምፁ ጎርናና ነው፤ ለጌጥ አይጨነቅም። የዘፈኖቹ ኃይል ያለው ሦስት ጥንድ ክር ባለው ቡዙኪው ላይ ነው፦ መሣሪያው በነፃ ምት ቅኝቱን ያሳያል፣ ከዚያ በከባዱ የዜይቤኪኮ ወይም የሃሳፒኮ ጭፈራ ምት ይገባል፤ ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላም መልስ ይሰጣል። መሣሪያው በእርሱ እጅ መሪ ሆነ።

በነሐሴ 1936 ሥልጣን የያዘው የአምባገነኑ የሜታክሳስ አገዛዝ ግጥሞችን ለሳንሱር አስገዛ፤ የሃሺሽ ዘፈን ታገደ። ማርኮስን ወደ ፍቅር ዘፈን የገፋው ይህ እገዳ ነው የሚል ትረካ አለ፤ ከሸክላዎቹ ዓመታት ጋር ግን አይጣጣምም። ስለ አንዲት የሲሮስ ካቶሊክ ወጣት የሚዘፍነው፣ ከሥራዎቹ ሁሉ ዝነኛው «ፍራንጎሲሪያኒ» የተቀዳው በ1935 ነው። ሳንሱሩ አዲስ ርእስ አላስተማረውም፤ ከርእሶቹ አንዱን፣ ሃሺሽን፣ ነጠቀው እንጂ። 

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያው ወደ ሌሎች የቡዙኪ ተጫዋቾች፣ ወደ ቫሲሊስ ጺጻኒስና ወደ ማኖሊስ ሂዮቲስ ፈጣን ጣቶች አደላ። ሪህ የማርኮስን እጅ ያዘው፤ ኩባንያዎች ራቁት፤ በየመንደሩና በየመጠጥ ቤቱ እየተጫወተ ሳንቲም መሰብሰብ ግድ ሆነበት። በ1960 ግን የቆዩ ዘፈኖቹ በግሪጎሪስ ቢቲኮጺስ ድምፅ እንደገና ተቀዱና ለአዲሱ ትውልድ ደረሱ። የተጣራው የቢቲኮጺስ ድምፅ ለትንሣኤው ምክንያት ቢሆንም የዋናዎቹን ሸክላዎች ሸካራነት አለስልሷል፤ ብዙ አድማጭ ማርኮስን ያወቀው በዚህ ለስላሳ መልክ ነው።

በየካቲት 1972 አረፈ። ለአንጌሊኪ ቬሉ-ካይል የተረከው ግለ ታሪክ በቀጣዩ ዓመት፣ ግሪክን ይገዛ የነበረው የወታደራዊው መንግሥት ዘመን ሳያበቃ ታተመ። ቄራውና ከ1936 በኋላ በዘፈን ሊነሳ ያልቻለው ሃሺሽ በዚያ መጽሐፍ በራሱ አንደበት ተተርከዋል።