ፀሐይን እኩል የሚያከፋፍል እጅ

ጭሮ ላይ ቀኑ ይሞቃል፤ ሲመሽ ግን ከተራሮቹ የሚወርደው ነፋስ ጋቢ ያስደርባል። ግቢው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ያሠራ ሰው ጠዋት እግሩን ነክሮ መለስ ሲያደርግ «ይህ ውሃ በምን ይሙቅ?» ማለቱ አይቀርም። ሜኤሶ ቆላው ላይ ቢሆን ምናልባት ጥያቄው አይነሳም። ሂርናና ገለምሶ ላይ ግን ይነሳል።

ተፈጥሮ ያሞቀችላቸው ታድለዋል። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ሜዳው የሳባቸው ፍል ውሃው ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ ሒልተንም የመስቀል ቅርጽ ያለውን ገንዳውን የሚያሞቀው ከመሬት ሆድ በሚወጣ ውሃ ነው። ከምዕራብ ሐረርጌ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ፣ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንዲሁ ፍል ውሃ በዘንባባ መካከል ይፈሳል። ከፍል ውሃ ርቆ የሚኖር ሰው ሙቀቱን የሚያገኘው በሰው እጅ ሥራ ነው። እኔም ማድነቅ የምፈልገው ይህንኑ እጅ ነው።

መጀመሪያ ሸክሙን እንመዝን። 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.25 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 40 ሺህ ሊትር ይይዛል። ይህን ውሃ 1 ዲግሪ ብቻ ለማሞቅ 46 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። በማገዶ ይሁን ቢባል፣ ግማሹ ሙቀት በጭስና በምድጃው ዙሪያ ስለሚባክን ለእያንዳንዷ ዲግሪ ከ20 ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት ይነዳል። የጨርጨር ጥድ ለዋና መቃጠል የለበትም። ከአየር ላይ ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውሃ የሚያሻግረው የኤሌክትሪክ ማሽን (ሂት ፓምፕ የሚሉት) ብልህ መሣሪያ ነው፤ አየሩ ሞቅ ሲል ለ1 እጅ መብራት እስከ 5 እጅ ሙቀት ይመልሳል። ኮምፕሬሰሩ ግን መብራት ከፍና ዝቅ ሲል ይጎዳል፤ ያለ ጥሩ መከላከያ አላስገባውም።

የኔ ምርጫ ጣሪያ ላይ የሚዘረጋው ጥቁሩ የሶላር ምንጣፍ ነው። መስታወት የለው፣ መዳብ የለው፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች፣ ከላይና ከታች በወፍራም ቧንቧ የተያያዙ። ለሻወር የሚሆን 60 ዲግሪ ውሃ ከዚህ አይጠበቅም። ገንዳ የሚፈልገው 28 ዲግሪ ነው፤ ውሃውና አየሩ ሲቀራረቡ የሚያመልጠው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ መስታወቱ አያስፈልግም። ክሎሪንም ፕላስቲኩን እንደ ብረት አይበላውም። ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የሐረርጌ ውሃ ብዙ ቦታ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚወጣ ኖራ ይዞ ይመጣል፤ የድሬዳዋ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያ ቅርፊት በብዛት የሚጋገረው በጣም የጋለ ነገር ላይ ነው። ለብ ብሎ በሚያልፍ ውሃ ቱቦው ውስጥ ለመጋገር ብዙ ዕድል አያገኝም።

የባለሙያው እጅ የሚለየው አገጣጠሙ ላይ ነው። ውሃ የሚቀልለውን መንገድ ይመርጣል። ሰነፍ ገጣሚ ውሃውን በታች በግራ አስገብቶ በላይም በግራ ያስወጣዋል፤ ያኔ ቅርብ ያሉት ቱቦዎች ይጠግባሉ፣ በቀኝ ያሉት ፀሐይ ላይ ባዷቸውን ይግላሉ ማለት ይቻላል። ጥሩ ገጣሚ በታች በግራ ያስገባና በላይ በቀኝ ያስወጣል። በየትኛውም ቱቦ ቢያልፍ የውሃው ጉዞ ርዝመቱ እኩል ይሆናል፤ አንድም ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዛ፣ በአንድ ማዕዘን ለውጥ ብቻ ፀሐይ ለሁሉም ትዳረሳለች። ይህን ሳይ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ወደ ቆርቆሮው ወጥተን እንየው። የምንጣፉ የላይኛው ጫፍ ታስሯል፤ የታችኛው ጫፍ ግን ነፃ ነው። 4 ሜትር ፕላስቲክ ጠዋት ቀዝቅዞ እኩለ ቀን ላይ ሲግል ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሁለቱም ጫፍ ቢቸነከር ወይ ይጎብጣል፣ ወይ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ነፋስ እንዳያነሳው መሐሉ ላይ ያለፉት ማሰሪያዎችም ያዝ ያደርጉታል እንጂ አያንቁትም። አናቱ ላይ ትንሽ የአየር ቫልቭ አለች። የገንዳውን ውሃ ወደ ጣሪያው የሚገፋው ፓምፕ ሲቆም አየር አስገብታ ውሃውን ወደ ታች ትሸኘዋለች፤ እሷ ባትኖር ወራጁ ውሃ ቱቦዎቹን ከውስጥ ስቦ ያጣብቃቸው ነበር። አቀማመጡ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ያለ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ብዙ ማቆም አያስፈልግም።

24 ካሬ ሜትር ምንጣፍ በደህና ቀን ለዚህ ገንዳ ከ1 ዲግሪ ትንሽ በላይ ይጨምርለታል። ያነሰ ይመስላል፤ በየቀኑ ሲደመር ግን በቂ ነው። የሚያጠፋው ትነት ነው። ከተከፈተ ገንዳ በቀንና በሌሊት 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢተን 160 ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ገንዳውን ከ2 ዲግሪ በላይ ያቀዘቅዘዋል። ምንጣፉ ቀኑን ሙሉ የለቀመውን እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከምንጣፉ በፊት መገዛት ያለበት ክዳን ነው። የገለምሶ ጫት ነጋዴ እስሩን በኮባ ጠቅልሎ እርጥበቱን እንደሚያቆየው፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ባለ አረፋ ላስቲክም ትነቱን እዚያው ያስቀረዋል።

ክዳኑም ቢሆን እጅ ይጠይቃል። የሚያውቅ ሰው አረፋውን ወደ ውሃው አዙሮ ይዘረጋና ለመቁረጥ አይቸኩልም፤ የጥቅልሉ ሽብሽብ በፀሐይ እስኪፈታ አንድ ሁለት ቀን ይተወዋል። ከዚያ የገንዳውን ጠርዝ እየተከተለ፣ ደረጃውንም እየዞረ በመቀስ ይቆርጣል። ጠርዙ ላይ የቀረ የእጅ ስፋት ክፍተት በገንዳው ዙሪያ ሲታሰብ ወደ 2 ካሬ ሜትር ይጠጋል።

ሥራውን ስትረከብ ፀሐይ በጠነከረችበት፣ 6 ሰዓት ገደማ ጣሪያው ላይ ወጥተህ ምንጣፉን በመዳፍህ ንካው። በደንብ የሚሠራ ምንጣፍ አያቃጥልም፤ ሙቀቱን ውሃው እየወሰደው ስለሆነ ቀዝቀዝ ይላል። የሚመለሰውም ውሃ ከገባው የሚበልጠው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ምንጣፉ በሙሉ የሚፋጅ ከሆነ ፍሰቱ አንሷል። አንዱ ጥግ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ግን ውሃው እኩል አልተከፋፈለም፤ የመጨረሻውን ክፍያ ሳትሰጥ ባለሙያውን ጣሪያው ላይ መልሰው።