ጥሩ የባሩድ መስፈሪያ በምን ይታወቃል

የባሩድ መስፈሪያ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በማስተካከያው ብሎን ላይ በተቀረጹት ቁጥሮች ላይ ነው። መስመሮቹ ደቃቅና ጥርት ያሉ ከሆኑ መሣሪያው ራሱ ትክክለኛ ይመስለዋል። እኔ ቁጥሩን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ቁጥሩ መስፈሪያውን ባለፈው ወደነበረበት ቦታ ለመመለስ ይረዳል እንጂ፣ ዛሬ የሚወርደው ባሩድ ስንት እንደሚመዝን አይናገርም። ያን የሚናገረው ሚዛን ብቻ ነው። ከመስፈሪያ የምንፈልገው ሌላ ነው፤ አንዴ የተሰጠውን ልክ ሳያዛባ ደጋግሞ እንዲሰጥ። ሃምሳኛው ቀለሃ ውስጥ የገባው ባሩድ የመጀመሪያው ውስጥ ከገባው ጋር ካልተካከለ፣ የብሎኑ ውበት ምንም አይፈይድም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ በአሜሪካ ብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የተተኮሰ ቀለሃ አይጥሉም። ያጸዱታል፣ በፕሬስ ቅርጹን ይመልሱለታል፣ አዲስ ፕራይመር (ማቀጣጠያ) ይተክሉለታል፣ ባሩድ ይሞሉበታል፣ አረሩን ይገጥሙለታል። የፌዴራሉ ሕግ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት መሙላትን ያለ ፈቃድ ይተዋል፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን የአምራች ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያና የጥይት ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ፣ እዚህ የማወራው ሥራው የተለመደና የተፈቀደ በሆነበት በዚያው አገር ስላለው ልማድ ነው። ባሩዱ የሚለካው በግሬን ነው። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ አንዱ ግሬን ወደ 65 ሚሊግራም ይጠጋል። ጥሩ መስፈሪያ የሚለየውም ከዚህ አንድ አስረኛ በሆነ ልዩነት ነው።

ዋናው ችግር መስፈሪያው የሚሰፍረው በይዘት፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ በክብደት መሆኑ ነው። ገበያ ላይ እህል በቁና የገዛ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ቁናው ሲነቀነቅ ብዙ ይይዛል፣ ቀስ ተብሎ ሲሞላ ትንሽ ይይዛል፣ ቁናው ግን ያው ቁና ነው። የባሩድ መስፈሪያ አሠራር ሁሉ ይህን መዋዠቅ ለመግታት የሚደረግ ትግል ነው። ከላይ ባሩዱ የሚቀመጥበት ቋት አለ፤ ከሥሩ አንድ ጉድጓድ የተቦረቦረበት የብረት ሲሊንደር ይሽከረከራል። እጀታው ወደ ላይ ሲነሣ ጉድጓዱ ከቋቱ ይሞላል፣ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ በቱቦው በኩል ወደ ቀለሃው ይገለብጣል። የማስተካከያው ብሎን የጉድጓዱን ጥልቀት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከዚህ ውጭ ብዙ ምስጢር የለውም፤ ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ጥራት ላይ ነው።

ስለ መሣሪያው ከመፍረዳችን በፊት ግን የሚሰፈረውን ባሩድ ማወቅ ግድ ነው። አንዱን መስፈሪያ አንድ ሰው ሲያደንቀው ሌላው የሚያማርረው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ባሩድ ስለሚለያይ ነው። እንደ ኤች 335 ያሉ የድቡልቡል ቅንጣት ባሩዶች እንደ ውኃ ይፈስሳሉ፤ ተራ መስፈሪያ እንኳ በእነሱ ሲሠራ የተዋጣለት ይመስላል። እንደ ዩኒክ ያሉ ቅርፊት መሰል ባሩዶች እርስ በርስ እየተደራረቡ አንዳንዴ መውረጃው ላይ ይዘጋሉ። ከሁሉ የሚያስቸግሩት እንደ አይ ኤም አር 4064 ያሉት፣ እንደ ተቆራረጠ ቀጭን ዱላ ያሉት ቅንጣቶች ናቸው። እነዚህ ጉድጓዱ ውስጥ አንዴ ተሻግረው ባዶ ቦታ ይፈጥራሉ፣ አንዴ ተስተካክለው ይተኛሉ። ስለዚህ መስፈሪያን በድቡልቡል ባሩድ ብቻ ፈትኖ ማመስገን ለፍርድ አይበቃም። የሚፈተነው ሊያስቸግረው በሚችለው ነው።

ዐዋቂ ሰው መስፈሪያ ሲይዝ መጀመሪያ የሚመረምረው የጉድጓዱን ቅርጽ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ላይ፣ አፉ ላይ የሚቀረው የባሩድ ከፍታ ጥቂት ከተዛነፈ ክብደቱ በጣም ይለወጣል። ጠባብና ጥልቅ ሲሆን ያው መዛነፍ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ኮርትላንድ ከተማ ያለው ሬዲንግ የተባለው ድርጅት ቢ አር 30 የሚለውን መስፈሪያ ሲሠራ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የጉድጓዱን ስፋት አጥብቦ፣ ታቹን እንደ ጽዋ አጎድጉዶ፣ መስፈር የሚችለውን ልክ ከ10 እስከ 50 ግሬን አካባቢ ወሰነው። ሁሉን እሰፍራለሁ የሚል መሣሪያ ትንሹን ሲሰፍር ይዋዥቃል፤ የተወሰነው ግን በልኩ ውስጥ ይታመናል። አር ሲ ቢ ኤስ የተባለው ድርጅት በዩኒፍሎው መስፈሪያው ትልቅና ትንሽ ሲሊንደር ለየብቻ ማቅረቡም የዚሁ ዕውቀት ውጤት ነው። የላይማን 55 ቁጥር ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሦስት ተንሸራታች ክፍሎች አሉት። ለትንሽ ልክ ጠባቡን ብቻ፣ ለትልቅ ደግሞ ሰፊውን ጨምሮ መክፈት ይቻላል። ብልህ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ሦስት ቦታ የሚስተካከል መሣሪያ ሦስት ቦታ ሊላላም ይችላልና የየክፍሉን ማሰሪያ አጥብቆ መፈተሽ ይገባል።

ቀጥሎ ቋቱ ነው። ቋቱ ሙሉ ሲሆን ከላይ ያለው ባሩድ ታችኛውን ይጫነዋል፣ ጉድጓዱም ጠጠር ብሎ ይሞላል። ወደ ማለቁ ሲቃረብ ጫናው ይቀንሳል፣ ልኩም ይሳሳል። ለዚህ መፍትሔው ቋቱ ውስጥ የሚገባ የታጠፈ ቆርቆሮ ነው፤ የላይኛውን ክብደት ተሸክሞ ወደ ታች በቀዳዳ ጥቂት ጥቂት ያሳልፋል። ዋጋው ኢምንት የሆነ ቁራጭ ብረት ነው፣ የሌለው መስፈሪያ ግን ጎደሎ ነው። በፔንሲልቬንያ ፊሊፕስበርግ ይሠራ የነበረው አሮጌው የቤልዲንግ ኤንድ መል መስፈሪያ ይህን ችግር ከሁሉ በተሻለ ፈትቶታል ብዬ አምናለሁ። ትልቁ ቋት ወደ ትንሽ ሁለተኛ ቋት ያሳልፋል፤ ልኩ የሚወሰደው ከትንሹ ሲሆን፣ የሚሰፈረውም ለብቻው በሚያዝ ትንሽ ቱቦ ነው። ሥራው ያዘግማል። የዱላ ቅንጣት ባሩድ ላይ ያለው ጽናት ግን ዛሬም የሚደነቅ ነው።

ከዚያ የብረቱ ሥራ። ሲሊንደሩን ነቅሎ በጥሩ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ገላው የለሰለሰ፣ የመጋዝ ወይም የሞረድ ጠባሳ የሌለበት መሆን አለበት። የጉድጓዱ ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ ጥርት ብሎ ይሰማል እንጂ የተነሣ እሾህ ሊኖረው አይገባም። ወደ ቦታው ተመልሶ ሲገባ ወደ ጎን መንቀጥቀጥ የለበትም፤ ክፍተት ካለ ደቃቁ ድቡልቡል ባሩድ እየሾለከ ይገባና ሲሊንደሩን ያስነክሰዋል፣ ጠረጴዛውንም ያቆሽሸዋል። እጀታው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ክብደት ሊኖረው ይገባል። መሐል ላይ የሚጠብቅና የሚላላ ከሆነ ሲሊንደሩ ክብ አይደለም። የዱላ ቅንጣት ሲሰፈር ጠርዙ አንዳንዱን ቅንጣት ይቆርጠዋል፤ ይህ እጅ ላይ እንደ መንከስ ሆኖ ይሰማል። መንከሱ መሣሪያው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ እጀታው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከሆነ ግን ነው። በዊስኮንሲን የሚሠራው ሊ ርካሽ በሆነው መስፈሪያው ላይ ጠርዙን የሚጠርግ ለስላሳ የጎማ ዓይነት ምላስ ማድረጉ ለዚህ ነው፤ ቅንጣቱ ከመቆረጥ ይልቅ ይገፋል። መስፈሪያው ገላው ፕላስቲክ ነው ተብሎ ብቻ መናቁ ትክክል አይመስለኝም፤ በዱላ ቅንጣት ባሩድ ከከባድ የብረት መስፈሪያ ጋር ቢወዳደር የሚያሳፍር አይደለም።

ጥሩ ብረት በመጥፎ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። መስፈሪያው የተገጠመበት እግር ሲነቀነቅ ባሩዱ ቋቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ፕሬሱ ከተገጠመበት ጠረጴዛ ተለይቶ ቢቆም ይመረጣል፤ የፕሬሱ ምት ወደ መስፈሪያው ይሻገራልና። እጅም የመስፈሪያው አካል ነው። እጀታውን በአንድ ፍጥነት ማንሣት፣ ላይ ሲደርስ በአንድ ዓይነት ኃይል ማሳረፍ፣ ሲወርድም እንዲሁ። ላይማን ፊት ለፊት ትንሽ መዶሻ የሰቀለበት ለዚህ ነው፤ ምቱ በሰው እጅ ስሜት እንዳይለያይ። መዶሻውን የሚጠቀም ሁልጊዜ ይጠቀም፣ የማይጠቀም ፈጽሞ አይንካው።

ፈተናው ራሱ ቀላል ነው። አዲስ መስፈሪያ የፋብሪካ ቅባት ስላለበት መጀመሪያ በደንብ ይጸዳል፤ ቅባት ባሩድ ይይዛል። ቋቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሞላል፣ ባሩዱ ቦታውን እስኪይዝ የመጀመሪያዎቹ አሥር ልኮች ወደ ቋቱ ይመለሳሉ። ከዚያ አሥር ልክ አንድ በአንድ፣ በመፈተሻ ክብደት በተሞከረ ሚዛን ላይ ይመዘናሉ። አማካዩን ማስላት አያስፈልግም፤ አማካይ ጉድለት ይደብቃል። የሚታየው ከሁሉ በሚከብደውና ከሁሉ በሚቀለው መካከል ያለው ርቀት ነው። በድቡልቡል ባሩድ ከግሬን ሁለት አስረኛ ካለፈ እኔ አልገዛውም። በዱላ ቅንጣት ግማሽ ግሬን ድረስ ቢሄድም የግድ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ ልኩን ትንሽ አጉድሎ ያወርድና ቀሪውን ጥቂት ጥቂት በሚያወርድ ማንጠባጠቢያ ሚዛኑ ላይ ይጨርሳል።

ምን ያህል ትክክለኝነት ይበቃል የሚለው የሚወሰነው በዒላማው ርቀት ነው። በ100 እና በ200 ያርድ በጠረጴዛ ላይ የሚወዳደሩት የቤንችሬስት ተኳሾች፣ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቁቅ የሆኑት፣ ለረጅም ዘመን ባሩዳቸውን በመስፈሪያ ብቻ ነው የሞሉት፤ እዚያው ሜዳ ላይ፣ በውድድሮች መካከል። ከእነሱ አንዱ የነበረው ሆመር ከልቨር የላይማንን መስፈሪያ በጠቅታ በሚቆጠር ማስተካከያ የቀየረው ለዚህ ሥራ ነበር፤ ቨርጂኒያ ያሉት ሃረሎች የሚሠሩት መስፈሪያም የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። በ1,000 ያርድ ግን የፍጥነት ልዩነት አረሩን ወደ ላይና ወደ ታች ይበትነዋል። እዚያ የሚተኩሱት ቅንጣት በቅንጣት ወደሚመዝን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መዞራቸው አግባብ ነው። ለሚዳቋ አደን የሚሞላ ሰው ግን ያን ሁሉ ገንዘብ ሚዛን ላይ ከሚያፈስስ ጥሩ መስፈሪያና ብዙ የመተኮስ ልምምድ ቢገዛ ይሻለዋል።

ደኅንነትን በተመለከተ አንድ የመምረጫ ነጥብ አለ፤ ቋቱ በውስጡ ያለውን በግልጽ ማሳየት አለበት። ከምርጫው ባሻገር የሥራ ጥንቃቄ አለ። ፈጣን የሽጉጥ ባሩድ ትንሽ ስለሚበቃው አንድ ቀለሃ ሁለት ልክ ሊይዝ ይችላል፤ ሁለት ልክ የገባበት ጥይት ደግሞ ሽጉጡን ከነተኳሹ ይጎዳል። ስለዚህ ቀለሃዎቹ ሁሉ በሰሌዳ ተደርድረው፣ አረር ከመገጠሙ በፊት አንድ በአንድ በመብራት ይታያሉ። ልኩ የሚወሰደው ባሩዱን ከሚሠራው ድርጅት ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥም። ሥራው ሲያልቅ ቋቱ ወደ ዋናው ቆርቆሮ ይገለበጣል፤ ማታ ቋት ውስጥ ያደረ ባሩድ ጠዋት ስሙን አይነግርም፣ ናይትሮግሊሰሪን ያለበትም የአንዳንዱን ፕላስቲክ መልክ ያጠቁራል፣ ያበላሻል።

አሮጌ መስፈሪያ መግዛት አዲስ ከመግዛት የሚያንስ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት የሠራ የብረት ሲሊንደር ተገቢ ጥንቃቄ ካገኘ ሌላ ሃምሳ ይሠራል። የሚመረመረው ዝገት፣ ጠርዝ ላይ ያለ ቁስል፣ እና ሲሊንደሩ የዚያው ገላ መሆኑ ነው። በአንዳንዶቹ ፋብሪካዎች ሲሊንደርና ገላ ተጣጥመው አብረው ስለሚለሰልሱ፣ ከሌላ የመጣ ሲሊንደር ወይ ይጠብቃል ወይ ያፈስሳል። ሻጩ ሲሊንደሩን እንዲነቅል መጠየቅ ነውር የለውም። የማስተካከያውን ብሎንም ወደ አንድ ቁጥር ከላይ አምጥቶ፣ ቀጥሎ ከታች አምጥቶ ማየት ይገባል፤ ጥርሱ ያረጀ ከሆነ ብሎኑ መዞር ሲጀምር ጉድጓዱ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። እንዲህ ያለው በሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ግድ የለም፣ ይገዛ፤ ልኩ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ከተመጣለት ይጸናል።