የሚስት 60ኛ ልደት በትውልድ አገሯ

ባል ልጆቹንና ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ የሚስቱን 60ኛ ዓመት በተወለደችበት አገር ሲያከብር ማየት ልብ ያሞቃል። «ልደት የፈረንጅ ነው» የሚሉ አሉ። ኬኩና ሻማው አዎ፤ መሰባሰቡ ግን የራሳችን ነው። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ይደገሳል፤ ሰው ሲሞትም በ40ኛው ቀን ተዝካሩ ሲወጣ ዘመድ ከያለበት ይመጣል። በመካከል ያለው ረጅም ዕድሜ፣ በተለይ የእናቶች ድካም፣ ጆሯቸው እየሰማ ሳይመሰገን ያልፋል።

ለእኔ ከድግሱ ጉዞው ይበልጣል። ብዙዋ ሴት በትዳር ምክንያት አገሯን ለቃ የወጣች ናትና ልጆቿ የእሷን ወገን በቅጡ አያውቁም። እዚያ ሲደርሱ ግን የተማረችበትን ትምህርት ቤት፣ ውሃ የቀዳችበትን ምንጭ ያያሉ፤ አንዲት ትልቅ አክስት የእናታቸውን የልደት ቀን በቁጥር ሳይሆን «የጥቅምት መድኃኔዓለም ማግስት» ብለው ይነግሯቸዋል። ይህን የትኛውም ሆቴል አይሰጥም። ወጪው ያሰጋል ለሚል፣ አውቶቡስና የዘመድ ቤት ይበቃል። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የዚያን ቀን ወጡን ባለልደቷ አትሥራ።