የሊማሊሞ ግንብ

በቡይት ራስ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ያየ ሰው የስሜን ተራራ በአንድ ጊዜ እንዳልተሠራ ይገባዋል። ጥቁር ዓለት፣ ሣር የያዘ ጠባብ እርከን፣ እንደገና ዓለት። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በየተራ እየፈሰሰ የረጋ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ጠንካራው ንብርብር ገደል ሆኖ ቀረ፤ ልሉ ተሸርሽሮ እርከን ሆነ። ጭላዳ ዝንጀሮ የሚግጠው እርከኑ ላይ ነው።

ደጋው የሚያልቀው በእንዲህ ያለ ገደል ነው። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ የሚወስደው መንገድ በሊማሊሞ ገደል ይወርዳል። ድሮ የሲራራ ነጋዴ በቅሎውን እየሳበ የሚወጣው አቀበት ነበር፤ ተጓዡ ጀምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ያለፈው በዚሁ ነው። የመኪናውን መንገድ ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ አስመራን ከጎንደር ለማገናኘት አሠራው። ብዙም አልተጠቀመበትም። ከላይ ወልቅፊት ላይ የመሸገው ጦሩ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። መንገዱን ገደሉ ላይ የያዘው ግን የድንጋይ ግንብ ነው። የወራሪው ሐሳብ ሌላ፣ የግንበኛው እጅ ሌላ፤ እኔ የማየው እጁን ነው።

ጥቁር ድንጋይ ለመሮ አይመችም። እንደ ላሊበላው አይፈለፈልም። ስለዚህ ግንበኛ ከመጥረብ ይልቅ ያገላብጣል፤ አንድ ደህና ፊት ካገኘ ያንን ወደ ውጭ ያዞራል፣ ጎባጣውን ወደ ውስጥ ይደብቃል፣ ክፍተቱን በሽራፊ ይወትፋል። ከዚያ ሲባጎ ይወጠራል፣ ቱንቢ ይወርዳል። አፈር የሚደግፍ ግንብ ግን ቱንቢውን ተከትሎ ቀጥ አይልም። እግሩ ሰፊ፣ አናቱ ጠባብ ሆኖ ወደ ተራራው ጥቂት ዘመም ይላል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ያሉትን የሁለቱን መጋጠሚያ ይሸፍናል። መጋጠሚያው በአንድ መስመር ከላይ እስከ ታች ከወረደ ስንጥቁ በዚያው ይመጣል። አልፎ አልፎ ደግሞ ረጅም ድንጋይ ይገባል፤ ቁመቱ በሙሉ ወደ አፈሩ ተኝቶ ውጭ የሚቀረው አንድ ክንድ የማትሞላ ፊት ናት። ምርጡ ድንጋይ ለዚህ ይውላል። አላፊ አግዳሚ አያየውም።

ግንብ የሚጥለው ግን ከክብደቱ ይልቅ ውሃ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከኋላው አፈሩን ያሳብጠዋል፤ ያበጠው አፈርም ግንቡን ይገፋል። ለዚህ ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ይሞላል፣ ፊቱ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። በተራራው በኩል ቦይ ይቆፈራል፤ ጎርፉ ከመንገዱ ሥር በተሠራ መተላለፊያ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ቦዩ በደለል ከተደፈነ የቱንም ያህል ያማረ ግንብ ክረምቱን ላይሻገር ይችላል።

ኩርባው ላይ መንገዱ ሰፋ ማለት አለበት፤ የጫነ መኪና ሲዞር የኋላ እግሩ ከፊቱ ይልቅ ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥ። በትልቅ ኩርባ ግንቡም አብሮ ይጎብጣል፤ እዚያ ድንጋዮቹ ከኋላ ጠበብ ብለው ካልተመረጡ አይገጥሙም።

መኪና ውስጥ ሆኖ ይህ አይታይም፤ መንገደኛ የሚያየው የግንቡን አናት ነው። አንድ ኩርባ ወርዶ ቀና ማለት ይሻላል። ያኔ አሁን ያለፉበትን መንገድ የተሸከመው ግንብ ፊት ለፊት ይቆማል።