መርፌ የሚችል ጨርቅ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆኖ የሚኖር ሰው አዲስ ልብስ የሚሰፋው ጥምቀት፣ ፋሲካና የሠርግ ወራት ሲደርሱ ነው። በቀረው ጊዜ መኪናው ላይ የሚወጣው የተቀደደ፣ የሳሳና የነተበ ልብስ ነው። እኔን ከቅዱም ከስፌቱም አብልጦ ያስጨነቀኝ፣ አብልጦም ያስተማረኝ አንድ ፍርድ ነው፤ ይህ ልብስ ይጠገን፣ ተተርትሮ ሌላ ነገር ይሁን፣ ወይስ ባለቤቱ ይሰናበተው? አንዱ ቁልፉ ስለወለቀ ብቻ ገና ብዙ ዘመን የሚያገለግል ኮት ይጥላል። ሌላዋ ድሩ ብቻ የቀረ ነጠላ ይዛ ትመጣና «ጣፍልኝ» ትላለች። የሁለቱም ዓይን ያረፈው ጉዳቱ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ግን ቀዳዳውን ትቶ ዙሪያውን ያያል፤ መርፌውን የሚሸከመው ዙሪያው ነውና።

ጋቢ ሲመጣልኝ በር ላይ አውጥቼ እጥፋቱን እከፍትና ወደ ፀሐይ አነሳዋለሁ። የዛሬ ጋቢ በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ሙቀቱን የሚይዘው በእንዝርት የተፈተለው ለስላሳው ማግ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው። ትከሻ የሚያርፍበት፣ ሰው ሲቀመጥ የሚጨብጠው ጫፍ፣ ሁልጊዜ የሚታጠፍበት መስመር ቀድመው ይሳሳሉ። በዚያ ቦታ ማጉ ተበልቶ ድሩ ብቻውን ተርታውን ቆሞ ከታየኝ መርፌ አልሰድበትም። ቀጥዬ ጨርቁን በሁለት አውራ ጣቶቼ ይዤ ቀስ ብዬ እስበዋለሁ። ብርቱ ጨርቅ እጅ ላይ ይከብዳል፣ ቢቀደድም እየጮኸ ነው። የበሰበሰ ጨርቅ ድምፅ የለውም፤ ሳይታወቅ ይከፈላል። ይህን ጊዜ ጋቢውን ያመጣችውን ሴት ጠርቼ በገዛ እጇ እንድትስበው አደርጋለሁ። በቃል ያልተቀበለችውን ጣቷ ይነግራታል።

ነጭ ልብስን እንደ በረኪና የሚጎዳው የለም። ነጣ ብሎ ሲታይ ሰው ደስ ይለዋል፤ በረኪናው ግን የጥጡን ክር ውስጥ ውስጡን እየበላው ነው፤ በወፍራሙ ሲፈስበትና በደንብ ሳይለቀለቅ ሲቀር ደግሞ ይብሳል። ገና በሁለት ዓመቱ እንደ ወረቀት የሚቀደድ ነጠላ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በምን እንደታጠበ ነው። እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለቢልሃርዝያ መከላከያ የሚሆነውን ነገር ያገኙት። ዓለም እንዶድን ያወቀው በዚያ ነው፤ እኔ የማውቀው እንዶድ ሲያጥበው የኖረ አሮጌ ኩታ ቢወይብም መርፌ እንደሚችል ነው።

ጨርቁ ጤነኛ ከሆነ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። መጣፊያው ከቀዳዳው አልፎ በየአቅጣጫው ሦስት ጣት ያህል ጤነኛ ጨርቅ ላይ ማረፍ አለበት፤ በነተበው ጠርዝ ላይ ከተሰፋ መጣፊያው ራሱ ጠርዙን ይዞት ይወርዳል። የመጣፊያውን ጨርቅ ከሱቅ ከመግዛት ከዚያው ልብስ መውሰድ ይሻላል። ሱሪ ከሆነ ከታች ከታጠፈው ወይም ከኪሱ ውስጥ፣ ቀሚስ ከሆነ ከዘርፉ፣ ሸሚዝ ከሆነ ወደ ሱሪ ከሚገባው ጫፍ ይገኛል፤ አብሮ ታጥቦ አብሮ ስላረጀ አይጎትትም። አዲስ ጨርቅ ግን ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ተሰብስቦም አሮጌውን ይቀደዋል። ወንጌልም ይህንኑ ነገር በምሳሌ ያነሳዋል፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 9 ላይ ያለውን ቄሱ ባነበቡት ቁጥር በቤተ ክርስቲያኑ ካለው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚገባው ለልብስ ሰፊ ነው እላለሁ። ሌላ መጣፊያ ከታጣ አዲሱን በሙቅ ውኃ ደጋግሞ ዘፍዝፎ ማድረቅ ነው። መርፌውም ቀጭን ይሁን፤ ለካኪ የሚሆነው 16 ቁጥር አሮጌ ነጠላ ላይ ክሩን እየበጠሰ ይሄዳል፣ 11 ቁጥር ግን በክሮቹ መሐል ያልፋል። የፖሊስተር ክር ለአሮጌ ጥጥ አይሆንም። ክሩ ከጨርቁ ስለሚበረታ እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል።

የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላ ሸሚዙ አላለቀም። ኮሌታው ተተርትሮ ይወጣል፣ ተገልብጦ ይሰፋል፣ የተበላው ወገን ከሥር ይሆናል። ኮትም እንዲሁ ይገለበጥ ነበር፤ ዛሬ የሚያስገለብጥ ሰው እየጠፋ ነው። ይህን ሥራ ወጣት ሰፊዎች ቢማሩት እወዳለሁ። ጊዜ ይፈጃል፣ ገንዘቡም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ልብስ እንዴት እንደተሠራ የሚታወቀው ሲፈታ ነው።

አገሩም በዚህ ፍርድ ውስጥ ድርሻ አለው። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ሥሩ ያለ ሰው በሐምሌ ሌሊት ቡልኮ ይፈልጋል፣ የነተበ ጋቢም ቢሆን በሌላ ላይ ደርቦ ይተኛበታል። ወደ ዓባይ በኩል ሲወረድ ቆላ ነው፤ እዚያ ስስ ኩታ ይበቃል። ስለዚህ ከደጋ የመጣች ሴት የሳሳ ጋቢ ይዛ ስትመጣ «ይጣል» አልላትም። ሁለት የሳሱ ጋቢዎች ካሏት ደርቤ በረጅም ስፌት እጠቅምላታለሁ፤ የአንዱ ስስ ቦታ በሌላው ብርቱ ቦታ ላይ እንዲያርፍ እያዞርኩ ነው። ከባድ ይሆናል፣ አያምርም፣ ግን ይሞቃል። ቤንጋሎች አሮጌ ሳሪ ደራርበው በእጅ ስፌት እየጠቀሙ ካንታ የሚሉትን ልብስ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። እነሱ የሚኮሩበት ሥራ ሆኗል። እኛ ድሪቶ ብለን የድህነት ምልክት አድርገነው ቀረን፤ ይህ ይቆጨኛል።

ከጥገና ያለፈ ጨርቅም ቢሆን ቤት ውስጥ ሥራ አያጣም። ጥለቱ ብዙ ጊዜ ከነጠላው ይበረታል። በጥንቃቄ ተተርትሮ በአዲስ ሸማ ላይ ይሰፋል። የለሰለሰ አሮጌ ነጠላ ለአራስ ልጅ መጠቅለያና የሽንት ጨርቅ ይሆናል፤ ለሕፃን ገላ ከአዲስ ጨርቅ ይሻላል። የቀረው ቡሖ ይሸፍናል፣ የጋን አፍ ይከድናል፣ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ ማሰሻ ከጥጥ እንጂ ከቴትሮን አይቁረጥ። ቴትሮን የጋለ ምጣድ ሲነካ ቀልጦ ይጣበቃል፣ እጅም ያቃጥላል። ጨርቁ ምን እንደሆነ ያልታወቀ እንደሆነ ከጠርዙ አንድ ክር ስቦ በክብሪት ማቃጠል ነው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና አመድ ይሆናል፣ ቴትሮን ግን ተኮማትሮ ጥቁር ጠጣር ፍሬ ይሆናል። የምድጃ ዳር ለሚውል ልጅም የትኛውን ልብስ ማልበስ እንደሚገባ ይህ ክር ይናገራል።

አዲስ አበባ «ልዋጭ» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። ክፉ አልለውም፤ ያ ልብስ መርካቶ ደርሶ ሌላ ሰው ይለብሰዋል። ጥያቄዬ ሰጪዋ ላይ ነው። የምትሰጠውን ሳታየው ከሰጠች አንዳንዴ ብርቱ ካፖርት ለሳፋ ይሄዳል። ከውጭ በቦንዳ የሚመጣውን ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ገበያው ላይ አለ፤ ከዚያ የተገዛ ኮት አብዛኛውን ጊዜ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ትከሻው ለሌላ አካል የተቀደደ ነውና። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች ይህን ልብስ የሚያሰናብቱት ሳይነትብ መሆኑን ሳይ ይገርመኛል፤ እንግሊዞች እኮ ከ1941 እስከ 1949 እ.ኤ.አ. ልብስ በኩፖን እየገዙ፣ መንግሥታቸው በ1943 የጥገና መማሪያ መጽሐፍ እያሳተመላቸው፣ የባል ሱሪ ለሚስት እየቀየሩ ኖረዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሟች ልብስ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ልብሱ ይወጣል፤ አልቃሿ እያነሳች ባለቤቱን ታስታውሳለች፣ ያየውም ያለቅሳል። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ኮት ገበያ የሚወጣ ኮት አይደለም። ለነፍስ አባት የሚሰጥ አለ፣ ለደጀ ሰላሙ ነዳያን የሚሰጥ አለ፣ ለቆሎ ተማሪ የሚሰጥ አለ። የቀረውን ሳጥን ይውጠዋል። አንዲት እናት የባላቸውን ኮት ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አላነሱበትም።

«ልጄ፣ ለልጁ ልክ አድርግልኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ተዝካሩ ወጣ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያስ ይቆይ። ሲወጣ ይዘውት ይምጡ፣ ልጁም አብሮ ይምጣ።»

የዚህ ምክንያት ሁለት ነው። ያዘነ ሰው በቸኮለበት ቀን የቆረጠውን ጨርቅ መልሶ አይቀጥለውም፤ ከተቀደደ በኋላ የባልየው ኮት የለም። ሁለተኛው ልጁ ነው። እናት የአባቱን ልብስ እንዲለብስ ትፈልጋለች፣ እሱ ግን ይከብደው ይሆናል፤ መልበስ ያልፈለገውን ኮት ማጥበብ ልብሱንም ልጁንም መበደል ነው። ተመልሰው ሲመጡ ልጁ ራሱ ኮቱን ደርቦ ቆመ፣ እጅጌው ጣቱን አልፎ ነበር፤ «ይጥበብልኝ» አለ። ያን ጊዜ መተርተር ጀመርኩ። የእንዲህ ያለ ሥራ ፈተናው ትከሻው ነው። ጎኑን ማጥበብ ማንም ይችላል፤ እጅጌው ወጥቶ፣ ትከሻው ወደ ውስጥ ተቀድዶ፣ እጅጌው እንደገና ካልተገጠመ ግን ልጁ የሰው ልብስ እንደለበሰ ከሩቅ ያስታውቃል። ስፌቱ ሲከፈት ከኮሌታው ሥር ፀሐይ ያልነካው ቀለም ወጣ፤ ግራጫ መስሎ የኖረው ኮት ሰማያዊ ኖሯል። ከኪሱ ስፌት ውስጥ የጤፍ ገለባ ተገኘ። እናትየው ገለባውን በመዳፋቸው ተቀብለው በመቀነታቸው ቋጠሩት። ኮቱ ለልጁ ሆነ፣ ገለባው ለእሳቸው። ከዚያ ወዲህ የሟች ልብስ ስተረትር ከውስጥ ያገኘሁትን አልጥልም፤ ልብሱን ላመጣው ሰው እመልሳለሁ።

ለመታሰቢያ ከተባለ አንድ ልብስ ይበቃል ባይ ነኝ። ሳጥን ሙሉ ማስቀመጥ ሟቹን አያስከብርም፣ ሕያዋኑንም አያለብስም። ሳጥን ደግሞ ልብስ የሚጠብቅ ይመስላል እንጂ አይጠብቅም። በርኖስ ከሱፍ ስለሆነ ብል ይገባበታል። ጥጥ ብል ባይበላውም በታጠፈበት መስመር ይሰበራል፣ ይወይባል፣ እርጥበት ካገኘውም ሻጋታ ያበሰብሰዋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት በዚህ ረገድ ብዙ ቀሚስ ያተርፍ ነበር፤ ለዕለቱ ይለበስ፣ ይታይ ነው የሚለው። እኛ ግን ለሚቀጥለው ጥምቀት እያልን አስቀምጠን በእጥፋቱ የተሰነጠቀ የሐበሻ ቀሚስ ይዘን ሰፊ ቤት እንሄዳለን። የሚቀመጥ ልብስ ካለ ንጹሕ ሆኖ፣ ደርቆ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እጥፋቱ እየተቀየረ ይቀመጥ። ስብ ወይም ወጥ የነካው ከሆነ ሳይታጠብ አይግባ።

ስለ መስጠት ያለኝ አሳብ የጸናው በ2013 ዓ.ም ክረምት ነው። የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ሲደርስ ብዙ ሰው የለበሰውን ብቻ ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ተፈናቀለ። በዚያ ብርድ የሚጠቅመው ሰው ሳይነትብ የሰጠው ጋቢና የልጅ ሹራብ ነው። ዚፑ የተሰበረ ጃኬት ዝናብ አያስጥልም፤ የተሰጠውም ሰው በዚያ ሰዓት ዚፕ ከየት ያመጣል? እኔ ከዚያ ወዲህ ለሰው የሚሰጥ ልብስ ከሚያስጠግን ሰው ዋጋ አልቀበልም። ብዙዎቻችን የምንሰጠው ለራሳችን ያልሆነውን፣ ያለቀለትን ነው። ያለቀ ጨርቅ ማሰሻ ይሁን፤ የሚሰጠው ገና መርፌ የሚችለው ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሰኔ ሳይገባ ሳጥናችሁን ክፈቱ። አምናም ዘንድሮም ያልለበሳችሁትን አውጥታችሁ በፀሐይ እዩት፣ በአውራ ጣታችሁ ሳቡት። ብርቱ ከሆነ እጠቡት፣ የጎደለውን ቁልፍ ስፉበት፣ ዚፑን አስቀይሩለት፤ ከዚያም ክረምቱ ሳይጠና ዛሬ ለሚለብሰው ሰው ስጡት።