ሐኪሙ ብቻውን አይደለም
(የአልቤር ካሙን «ላ ፔስት» ስናነብ የሚነሣ ጥያቄ)

በየዶርሙ ደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ። ወረርሽኝ ሲገባ ሐኪም ሸሽቶ ነፍሱን የማዳን መብት አለው ወይስ የለውም? የሕክምና ተማሪዎቹ «መሐላ አለብን» ይላሉ። የኛዎቹ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ደግሞ ወዲያው የካሙን ዶክተር ሪዩን ይጠሩና ነገሩን ይዘጉታል። ለኔ ሁለቱም መልሶች ችኮላ አለባቸው።

መሐላውን እናስቀድም። የሂፖክራተስ መሐላ ስለ ወረርሽኝ አንዲት ቃል አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1665 ቸነፈር ለንደንን ሲመታ ስመ ጥሩው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም ከተማዋን ለቆ ወጥቷል። የሐኪሙ ግዴታ በማያሻማ ቃል ሰፍሮ ከምናገኝባቸው ደንቦች አንዱ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1847 ያወጣው ሲሆን፣ ሐኪም ለሕይወቱ የሚያሰጋው ቢሆን እንኳ ሥራውን እንዳያቋርጥ ያዝዛል። እንግዲህ ይህ ግዴታ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ተከራክረው ያቆሙት ነው። ሰው ያቆመውን ደግሞ ሰው ሊመረምረው ይገባል።

ወደ መጽሐፉ እንምጣ። ካሙ «ላ ፔስት»ን (በኛ ቋንቋ «ቸነፈር» ልንለው እንችላለን) ያሳተመው በ1947 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በአልጄሪያዋ የወደብ ከተማ በኦራን ነው። አይጦች በየደረጃው ይሞታሉ፣ ቀጥሎ ሰው ይሞታል፣ የከተማዋ በሮች ይዘጋሉ። ሪዩ የታመመች ሚስቱን ከከተማው ውጭ ለሕክምና ልኮ ቀን ከሌት በሽተኛ ያያል። ታሩ የተባለው ወዳጁ የበጎ ፈቃድ ቡድን ያቋቁማል። ጋዜጠኛው ራምቤር ወደ ፍቅረኛው ለማምለጥ ሲጥር ይቆይና በመጨረሻው ሰዓት ይቀራል።

የመጽሐፉ ትልቁ ኃይል ጀግንነትን መናቁ ነው። ሪዩ ራሱን ጀግና አያደርግም፤ ነገሩ ሥራን በአግባቡ የመሥራት ጉዳይ ነው ባይ ነው። ተራኪውም ቢሆን በጎ ፈቃደኞቹን ከልክ በላይ ማሞገስ አይወድም። ሁለትና ሁለት አራት ነው ብሎ የሚያስተምርን መምህር ማን ያሞግሰዋል ይለናል። ደግሞም ሪዩ ራምቤርን አይወቅሰውም፤ ደስታን መምረጥ ነውር አይደለም ይለዋል። ግዴታውን የተሸከመ ሰው ሌላውን በግዴታ ሲገርፍ አለማየታችን ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ካሙን እናደንቀዋለን።

ታዲያ ቅር የሚለን የቱ ላይ ነው? ሒሳቡ ላይ ነው። ሁለትና ሁለት አራት የሚሆነው ቁጥሮቹ ሁሉ ሰሌዳው ላይ ሲጻፉ ነው። የኦራን አረቦች በልቦለዱ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል፤ ይህን ሌሎች ሐያስያንም ብለውታል። አስታማሚው፣ ወለል ጠራጊው፣ ቀባሪውም በጅምላ ያልፋሉ እንጂ ስምና ፊት የላቸውም። አንድ ቦታ ላይ ግን ካሙ እውነቱን አፍረጥርጦ ይነግረናል። ቀባሪ ሲጠፋ ሥራ ፈቱ ሕዝብ እየመጣ ይቀጠራል፣ ክፍያውም በአደጋው ልክ ነው፤ ችግር ከፍርሃት በልጦ ተገኘ ይለናል። እንዴት ያለ ነገር ነው! ለሪዩ ኅሊና ገጾች ሲፈሱ፣ ለነዚህ ሰዎች የተረፋቸው ጥቂት መስመር ነው።

ይህ ነገር ከወረቀት ውጭ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ዩጋንዳ እንሂድ። በ2000 ጉሉ አካባቢ ኢቦላ ገባ። የላቾር ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ማቲው ሉክዊያ በካምፓላ ትምህርት ላይ ነበሩ፤ ሲጠሩ ተመለሱ። በሽታውን ለይተው፣ መለያ ክፍል አደራጅተው፣ ከሠራተኞቻቸው ጋር ገቡበት። በዩጋንዳ 425 ሰዎች ታመሙ፣ 224ቱ ሞቱ። ኅዳር ሲጋመስ ነርሶቹ ባልደረቦቻቸውን አከታትለው ሲቀብሩ ከረሙና «በቃን» ብለው ሥራ አቆሙ። ሉክዊያ አልሸሹም፣ ፖሊስም አልጠሩም። ተቀምጠው ለሰዓታት አነጋገሯቸው፣ ነርሶቹም ተመለሱ። በኋላ ሉክዊያ የታመመ ነርስ ሲረዱ ጭምብልና ጓንት አድርገው ነበር፤ የዓይን መከለያ ግን አላደረጉም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መግቢያ (እ.ኤ.አ.) ሞቱ። የተቀበሩት በሆስፒታሉ ግቢ ነው፤ አጠገባቸው ያረፉት ዶክተር ሉሲል ቲስዴልም ቀዶ ጥገና ሲሠሩ በተያዙት ኤች አይ ቪ ምክንያት በ1996 የሞቱ ናቸው።

አሁን አንድ የልቦለዱን ትዕይንት አስታውሱ። ታሩ ለራምቤር የጨርቅ ጭምብል ይሰጠዋል። «ይጠቅማል ወይ?» ሲለው «አይጠቅምም፣ ግን ለሌሎች መተማመን ይሰጣል» የሚል ነው መልሱ። በካሙ ዘንድ ጭምብሉ ምሳሌ ነው፤ በላቾር የዓይን መከለያ ምሳሌ አይደለም፣ የሞትና የሕይወት ድንበር ነው። ምሳሌያዊ ልቦለድ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ቸነፈሩ የክፋት ሁሉ ምልክት ሲሆን፣ ዕቃ ማን ይግዛ፣ ደመወዝ ማን ይክፈል፣ የሟች ነርስ ልጆችን ማን ያሳድግ የሚለው ጥያቄ ይተንና ኅሊና ብቻውን ይቀራል። ሮላን ባርት በ1955 ልቦለዱን ሲተች ሰው ያላመጣው ክፋት የሰውን ክፋት ሊወክል አይችልም ማለቱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

«እንግዲያው ሐኪም ይሽሽ ማለትህ ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሐኪም ሲሸሽ በሽተኛው የሚተካው ሰው የለውም፤ ሙያውንም የተማረው በሕዝብ ሀብት ነው። ግዴታው አለ። ነገር ግን ግዴታ እንደ ቀንበር ነው፤ በአንድ በሬ አይታረስም። ሐኪሙን «ግባ» የሚል ኅብረተሰብ የሚገባበትን ልብስ ሊያለብሰው፣ ቢሞት ቤተሰቡን ሊረከብ ዕዳ አለበት። በምዕራብ አፍሪካ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ኢቦላ ከ800 በላይ የጤና ሠራተኞች ተይዘው ከ500 በላይ ሞተዋል። እነዚያን ሁሉ በ«ጀግና» ቃል ሸኝቶ መተኛት ዕዳውን መካድ ነው። የላቾር ነርሶች ሥራ ማቆምም ፈሪነት አልነበረም፤ ዕዳው ይከፈለን ማለት ነበር። ለዚህ ነው ሉክዊያን ከሪዩ የማስበልጣቸው። ሪዩ ከራሱ ኅሊና ጋር ተነጋገረ፣ ሉክዊያ ግን «አንገባም» ካሉት ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ።

ይህን ሁሉ ብዬም መጽሐፉን አንብቡት እላለሁ። ባይነበብ ኖሮ ይህን ክርክር በምን እናነሣው ነበር? ብቻ ስታነቡት ከሕክምናው ፋኩልቲ አንድ ጓደኛ አስከትሉ፤ የነርሲንግ ተማሪ ከተገኘች ደግሞ እሷን አስቀድሙ። ቀባሪዎቹ የተቀጠሩበት ገጽ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና ምን እንደምትል ጠይቋት።