«ተቀበል» ያጣ መድረክ፤ ስለ ጎንደርና ስለ ሰሜን ደጋ ከተሞች የኪነት ቡድኖች

በጎንደር ከተማ፣ እንዲሁም ከርሷ በስተ ሰሜን ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ በተቈረቈሩት እንደ ዳባትና ደባርቅ ባሉት ትናንሽ ከተሞች፣ ለበዓል ወይም ለእንግዳ አቀባበል የሚቀርበውን የኪነት ትርኢት የተመለከተ ሰው አንድ ዓይነት ወቀሳ መስማቱ አይቀርም። ወቀሳውም በመሰንቆ ፈንታ ኦርጋን ገባ፣ ልብሱ የአገሩ አይደለም፣ እስክስታው ከሌላ አውራጃ ተቀላቀለበት የሚል ነው። ይህ ሐሰት ነው ባይባልም ከነገሩ ዳር የቆመ ነው። መሣሪያና ልብስ በየዘመኑ ሲለዋወጥ የኖረ ነገር ነው፤ የፋሲል ግቢ ራሱ የባሕር ማዶ እጅ እንዳረፈበት ሊቃውንት እየመሰከሩ፣ የጎንደር አይደለም ያለ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ከመድረኩ ላይ ጠፋ ተብሎ ሊታዘንለት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የአድማጩ ድርሻ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ በጎንደርና በዙሪያዋ የአዝማሪነት ሙያ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። ባል መሰንቆውን ሲመታ ሚስት ታዜማለች፤ በከተማይቱ አካባቢ በቡርቧክስ መንደር የሚኖሩት የአዝማሪ ቤተሰቦች ለዚህ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። አዝማሪው በሠርግ ዳስ ወይም በጠላ ቤት ሲቆም ግን ብቻውን አይዘፍንም። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው «እሺ» ይላል፤ ሰውየው ሁለት ስንኝ በቃሉ ያቀብለዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ በዜማ አድርጎ ለጉባኤው ይመልሳል። ግጥሙ ጎረቤትን የሚወጋ፣ ዳኛን የሚያማ፣ ወይም የቆየ ፍቅርን የሚያስታውስ ሊሆን ይችላል። ሰሙን ሁሉም ይሰማዋል፤ ወርቁን ፈጥኖ የሚያገኘው ነገሩ የደረሰበት ሰው ነው። በዚህ ጊዜ አዝማሪው «የተሰጠኝን አልሁ እንጂ ቃሉ የእኔ አይደለም» ለማለት ይችላል፤ ግጥም ሰጪውም «ዘፈን ነው እንጂ እኔ ምን ተናገርሁ» ለማለት ይችላል። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ቃል ባለቤቱ አንድ ስላልሆነ፣ ማንም ፊት ለፊት ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር በአደባባይ ለመናገር መንገድ ይከፍታል።

አዝማሪ የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑ ይነገራል። በመነሻው ያለው «አ» የአስደራጊነት ምልክት ከሆነ ደግሞ ትርጓሜው «የሚዘምር» ብቻ ሳይሆን «የሚያስዘምር» ይሆናል። ይህን የሰዋስው ሊቃውንት ይፍረዱት፤ የጠላ ቤቱ ሥራ ግን ከሁለተኛው ትርጓሜ ጋር ይስማማል።

ይህ የመስጠትና የመቀበል ሥርዓት በአዝማሪ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአቋቋም ትምህርት ስሟ በተጠራው በጎንደር በአታ ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው አንዱ ወገን የመራውን ሌላው ይቀበላል፤ ቅኔ ሲዘረፍም ምስጢሩ የገባው ሰው «ይበል!» ብሎ ፍርዱን ይሰጣል። በሌላው ዳር ደግሞ፣ ቤተ ክህነት በማትቀበለው በዛር ቤት፣ ወዳጃ ሲደረግ የሚያጨበጭበውና የሚያዜመው የተሰበሰበው ሁሉ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ማርሴል ግሪዮል ከመራው የጥናት ጓድ ጋር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ተከታተለ። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም የዛር ቤቱ ድርጊት ከሚጫወቱት ትያትር ይልቅ ወደሚኖሩት ትያትር የቀረበ መሆኑን አስረድቷል። በነገር ላይ ነገር እንዲሉ፣ ያው ጓድ በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹን አንሥቶ፣ በቦታቸው ቅጅ ተክቶ፣ ወደ ፓሪስ ወስዷቸዋል፤ ዛሬ የሚገኙት በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ሥዕሉ በዚያም ሥዕል ነው፤ ከፊቱ ቆሞ የሚሳለመው ምእመን ግን አብሮት አልሄደም። በኪነት መድረክ ላይ የሆነውን ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ዘፈን ከዳስ ወደ መድረክ የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። በ1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር የባህል ዘፈንን ከትያትር ጋር አስተሳሰረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎንደር ፒያሳ የተሠራው ሲኒማም፣ ብርሃኑ ከፊት ጨለማው በተቀመጠው ሰው ላይ የሆነበትን አዳራሽ ለከተማይቱ አስተዋወቀ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ ለየብቻ ይደመጡ የነበሩት መሰንቆና በገና ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር በአንድ መድረክ ተሰለፉ። ነገሩ እስከ ትናንሾቹ ከተሞች የወረደው ግን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው። ቀበሌው፣ የገበሬ ማኅበሩ፣ የወጣቶች ማኅበሩ የኪነት ቡድን እንዲያቋቁም ተደረገ። ከየክፍለ ሀገሩም የጎላ ስም ያላቸው ቡድኖች ወጡ፤ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ዓለም ለ1977ቱ ረኀብ ላደረገው ርዳታ ምስጋና ለማቅረብ በ1980 ዓ.ም. ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው ታላቅ ትርኢት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሲዞር፣ ለእያንዳንዱ ሕዝብ ጥቂት ደቂቃ፣ አንድ ልብስና አንድ ውዝዋዜ የሚደርስበት ቅርጽ ጸና። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎቹ ቡድኖች ቢፈርሱም ቅርጹ በባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ በወጣት ማዕከላትና በትምህርት ቤት ክበባት ሲኖር ቆይቷል።

የዚህን ቅርጽ ጉድለት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ፉከራው ነው። በደጋው አገር ፉከራ የራስን ሥራ በራስ አፍ መናገር ነው። የሚፎክረው ሰው የዋለበትን ቦታ፣ የጣለውን ጠላት፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠራል። የሚሰሙትም አብረውት የዋሉ ወይም የዋለበትን የሚያውቁ ናቸው፤ ስለዚህ ያልሠራውን ቢጨምር በዚያው ቦታ የሚያፍረው ራሱ ነው። አድማጩ ዝም ብሎ የተቀመጠ ቢመስልም ምስክር ነው። አሁን ወደ መድረኩ እንመለስ። ከእንጨት የተሠራ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ከግራ ወደ ቀኝ እየተንጐራደደ የማንንም ያልሆነ ጀግንነት በቃሉ ያጠናውን ይናገራል። ድምፁ ያማረ፣ አካሄዱ የሰለጠነ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ነገር ግን «ዋሸህ» ሊለው የሚችል ሰው በአዳራሹ ውስጥ የለም፤ የተናገረው ነገር እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የማይችል ሆኗልና። ጭብጨባው ለድምፁ ነው፤ የድሮው እልልታ ግን ለምስክርነቱም ነበር።

እስክስታውም እንደዚሁ ነው። በመንደር ጨዋታ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሞ እያጨበጨበ ተራ በተራ ወደ መካከል ይገባል፤ ደካማውም ብርቱውም ተራው ይደርሰዋል። በመድረክ ላይ ክቡ ተከፍቶ ቀጥ ያለ ሰልፍ ሆነ፤ የሁሉም ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ይልቁንም የፊተኛው ረድፍ ወንበር ወዳለበት፣ ዞረ። በዚያ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ መናገር አያስፈልግም።

ግጥሙ አስቀድሞ የሚጻፍ ከሆነ አስቀድሞ ሊታይም ይችላል። በደርግ ዘመን የኪነት ግጥም ከመዘፈኑ በፊት በኃላፊዎች ዓይን ማለፉ የተለመደ ነበር። ይህን ዘመኑ ብቻ ያመጣው ጭከና አድርጎ ማየት ግን በቂ አይደለም፤ መድረኩ ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። በቅጽበት ከአንድ ጠጪ አፍ ወጥቶ በአዝማሪ አፍ የሚያልፍ ቃል ግን ለማንም መርማሪ አይመችም። ገዢዎች ይህን ማወቃቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አለ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ አደጋ ከተጣለ በኋላ፣ በሚከተለው ወር ካስገደላቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮች ጋር አዝማሪዎችም ነበሩ። መሰንቆ ብቻ የያዘ ሰው ከሸፈተ ሰው ጋር ተቈጠረ።

ይሁን እንጂ መድረኩን ኰንኖ ዳሱን ማመስገን ብቻ ፍርደ ገምድል መሆን ነው። አዝማሪን የሚወደው ሕዝብ አዝማሪን የሚንቅም ሕዝብ ነበር። ጨዋ የሚባለው ቤተሰብ ልጁን ለአዝማሪ አይድርም፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃልም ለስድብ ሲያገለግል ኖሯል። አዝማሪዎች ሌላው የማይሰማው የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ እንዳላቸው ቮልፍ ሌስላው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 ባወጣው ጽሑፍ ገልጧል። እንዲህ ያለ ቋንቋ የሚፈጠረው ሌላው ሰው ከሩቅ የሚያያቸው ሰዎች መሆናቸውን ስለሚያውቁ ጭምር ነው። የኪነት ቡድን ይህን አጥር ሰበረ። የገበሬው ልጅ፣ የሸማኔው ልጅ፣ የመምህሩ ልጅ በአንድ መድረክ ላይ ለመዝፈን ቻሉ፤ ያላገባች ልጃገረድ በአደባባይ ስታዜም ስሟ እንዳይጠፋ ቡድኑ ጋሻ ሆናት፤ ሙያውም «ከያኒ» የሚል የክብር ስም አገኘ። በዳባት ወይም በደባርቅ ለምትኖር ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ጥንታዊው ሥርዓት መጥፋት የሚያለቅሱ የከተማ ምሁራን፣ ሥርዓቱ በነበረበት ጊዜ የራሳቸውን እኅት መሰንቆ ከሚመታ ሰው ጎን ያስቆሙ እንደ ነበረ ቢጠየቁ መልሱ አያስደስታቸውም።

እንግዲህ ክርክሩ መድረክ ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም። የተጠፋፉት ሁለት መልካም ነገሮች ናቸው፤ ዳሱ ዘፋኙን እየናቀ ለአድማጩ ቃል ሰጠ፤ መድረኩ ዘፋኙን አክብሮ አድማጩን ዝም አሰኘ። ሁለቱን ማገናኘት የሚቻል መሆኑን የሚያመለክተው፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሐሳብ ነው። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ተመልካቹ ከወንበሩ ተነሥቶ በድርጊቱ ውስጥ እንዲገባና ታሪኩን እንዲለውጥ የሚያደርግ ትያትር አቀረበ፤ ዘዴውም በልማት ትያትር አማካይነት በብዙ አገር ተሰራጨ። በአገራችንም ስለ ኤድስ በሽታ፣ ያለ ዕድሜ ስለ መዳርና ስለ ጤና የሚያስተምሩ አጫጭር ድራማዎች በክበባት ሲሠሩ ኖረዋል። አብዛኛዎቹ ግን ትምህርቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ጥፋተኛው ከመጀመሪያው የተለየ፣ መጨረሻውም ምክር ነው። ያለ ዕድሜዋ ስለ ተዳረች ልጅ በሚታይ ድራማ ላይ፣ ልጁን እንደዚያው የዳረ አባት በአዳራሹ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ የሚናገረውም ነገር አለው፤ የሚጠይቀው ግን የለም። «ተቀበል» ማለትን የሚያውቅ ሕዝብ የተመልካችን ተሳትፎ ከመማሪያ መጽሐፍ ሊማር አያስፈልገውም ነበር። ድራማው በየምዕራፉ መካከል አንድ ባለ መሰንቆ አቁሞ ከአዳራሹ ግጥም ቢቀበል፣ ያ አባት በሰምና ወርቅ ሳይጋለጥ መልስ ይሰጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን «ተቀበል» ፈጽሞ አልጠፋም፤ በጎንደር የባህል ምሽት ቤቶች ውስጥ ይኖራል። ሆኖም በዚያ ቤት ለወቀሳ የሚሰጠው ግጥም እየቀነሰ ለውዳሴ የሚሰጠው በዝቷል። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር በበዛ ቁጥር ሙገሳው ይረዝማል፤ እንግዳውም ሞቅ ባለው ስሙ ይደሰትና ይሄዳል። አዝማሪውን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚሁ ነው። ጃፓናዊው ካዋሴ ኢትሱሺ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ያቀረበው ፊልም የአዝማሪ ሕፃናት በጎንደር ጎዳናና መጠጥ ቤት እየዘፈኑ እንጀራቸውን ሲፈልጉ ያሳያል። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሣው ጦርነት ደግሞ፣ በሌሊት ጉዞና በሠርግ ላይ ለተመሠረተ ሙያ የባሰ ጭንቅ ነው።

ወደ እነዚህ ከተሞች ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎች ዘፈን ሲቀርጹ የዘፋኙን ስም፣ መንደሩን፣ የመሣሪያውን ዓይነትና ቀኑን የሚጽፉበት ሰንጠረዥ ይዘው ይሄዳሉ። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ዐምድ ሊጨመር ይገባል፤ አንደኛው ግጥሙን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ግጥሙ ሲዘፈን የሳቀውና ያልሳቀው ማን እንደ ሆነ የሚጻፍበት። ግጥም ሰጪው ስሙ እንዲጻፍ ካልፈቀደ «አልፈቀደም» ተብሎ ይጻፍ፤ ለምን እንዳልፈቀደ መጠየቁ ከዜማው ያነሰ ነገር አያስተምርም። በመድረክ ትርኢት ጊዜም እነዚሁ ዐምዶች ይቀመጡ፤ ባዶ ሆነው ሲመለሱ ባዶነታቸው ከሌላው ማስረጃ ጋር በመዝገብ ይገባል።